ረውዳን ማቆያ ያስገባን ጊዜ

ከሐይቅ ልወጣ የመጨረሻው ማታ እናቴ የረውዳን ጫማ ደበቀችው። ጫማ ስላችሁ የሚረገጥበት እንዳይመስላችሁ፤ ልጄ ያኔ ግድግዳ ይዛ የምትቆም የዓመት ልጅ ነበረች፣ ጫማው ለጌጥ ነው። እናቴ ግን ጫማ የሌለው ሰው መንገድ አይወጣም ብላ ይመስለኛል፣ ከጎታው ሥር ወሽቃው ቁጭ አለች። እኔ ሻንጣዬን እየፈታሁ እያሰርኩ ስፈልግ፣ እሷ ረውዳን ጭኗ ላይ አድርጋ ፀጉሯን ቅቤ ትቀባለች።

«እማዬ፣ ጫማውን አምጪው።»

«የምን ጫማ? ልጅቷ መቼ መሄድ ጀመረችና?»

«ነገ ትሄዳለች።»

«አንቺ ሂጂ። ባልሽ ጠርቶሻል፣ እደጊ ተመንደጊ። እሷን ግን ለእኔ ተያት። መርካቶ ልጅ ይጠፋበታል እንጂ አያድግበትም።»

ክፋት ኖሯት አይደለም። የሐይቅ ሰዎች ታውቁታላችሁ፣ ከእኛ ሰፈር ለሥራ የወጣች ሴት ሁሉ ልጇን ለእናቷ ትታ ነው የምትሄደው። ልጁም አያቱን «እማ»፣ እናቱን በስሟ እየጠራ ያድጋል። የአክስቴ ልጅ ለዒድ ስትመጣ የገዛ ልጇ እንግዳ መጣ ብላ ከበር ኋላ ስትደበቅባት በዓይኔ አይቻለሁ። ያን ዕለት አክስቴ ቤት የበላሁት አልጣመኝም። እኔ ረውዳ እንድትደበቅብኝ አልፈልግም፤ ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ፍልስፍና የለውም።

መጨረሻ ላይ ተስማማን። ደህና የምትውልበት ቦታ ካገኘሁላት ከእኔ ጋር ትቀራለች፤ ካላገኘሁ ባሌ ይማም ይዟት ይመለሳል፣ አያቷ ታሳድጋታለች። እናቴ «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» አለችና ጫማውን ከጎታው ሥር አወጣችው። አፉን በነጠላዋ ጠርጋ ራሷ አጠለቀችላት።

ጎህ ሳይቀድ ከደሴ ተሳፈርን። ጣርማ በር ላይ ስንደርስ ረውዳ ያጠባኋትን ሁሉ አጠገባችን በተቀመጡት ሽማግሌ ጋቢ ላይ መለሰችው። ሽማግሌው «ይሁን፣ የልጅ በረከት ነው» ብለው በገዛ ጋቢያቸው አፏን ጠረጉላት። አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ እንደሳቸው ያለ ሰው ለማግኘት ብዙ በር ማንኳኳት ነበረብኝ፤ ይህ ጽሑፍም ስለዚያ ማንኳኳት ነው። ነገ ልጅ አዝለሽ የምትመጪ እህቴ፣ በተለይ አንቺ አንብቢው።

መርካቶ መጀመሪያ የገረመኝ ድምፁ ነው። ሰው ሁሉ የሚጣላ ይመስላል፤ ለካ እየተገበያየ ነው። ይማም በስልክ «ጭድ ተራ ነው የምሠራው» ሲለኝ የጭድ ክምርና የአውድማ ሽታ ነበር የሚታየኝ፤ ሄጄ ሳየው ሱቅና ሸክም እንጂ አንድ ሰበዝ ጭድ የለም። «ጭዱስ?» ብለው «በሬዎቹ በልተው ጨረሱት» አለኝ። ደግሞ እኛ ለትልቅ ሰው «አንቱ» እንደምንለው ብል የታክሲ ረዳቱ «ፋራ» ብሎ ሳቀብኝ። እዚህ «እርስዎ» ነው የሚባለው። እሱ ራሱ ግን እናቱን የሚያህሉትን ሴት «አንቺ፣ ጠጋ በይ» ነው የሚላቸው።

ቤታችን አብነት አካባቢ ያለች አንዲት ክፍል ናት። አከራያችን ጋሼ ናስር ረውዳን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

«ይማም፣ እኔ ለሁለት ሰው ነው ያከራየሁህ።»

«ሁለት ነን እኮ ጋሼ። ይቺ ሕፃን ናት።»

«ሕፃን ውሃ ትፈጃለች። ትልቅ ሰው በሳምንት አንዴ ነው የሚታጠበው።»

«ልብሷን በትንሽ ውሃ ነው የማጥበው» አልኳቸው።

«ማታ ታለቅሳለች?»

«አንዳንዴ።»

«አንዳንዴ ማለት መቼ መቼ ነው?»

ረውዳ የእኔን መልስ ሳትጠብቅ እዚያው መለሰችላቸው። እኛ ሐይቅ ልጅ ሲያለቅስ ጎረቤት «ምን ሆነች?» ብሎ ይመጣል፤ እዚህ ግድግዳ ይደበድባል። ጋሼ ናስር ግን ለክፉ አይሰጡም፣ ሲደበድቡም ቀስ ብለው ነው።

ሙያዬ ስፌት ነው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ተቃርቦ ስለነበር የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፉ ቤቶች ሰው አጥብቀው ይፈልጉ ነበር። የአንዱ ቤት ባለቤት አንድ ኮሌታ አሰፍታ እጄን አየችና ወደደችው። ቀጥላ ጀርባዬ ላይ የታዘለችውን አየች።

«ሰኞ ጀምሪ» አለችኝ። «ከነጀርባሽ ግን አይሆንም። እዚህ መቀስ አለ፣ መርፌ አለ፣ የጋለ ካውያ አለ። ልጅሽ አንድ ነገር ብትሆን አንቺም አትምሪኝ፣ እኔም ራሴን አልምርም።»

እውነቷን ነው፣ አልተቀየምኳትም። ግን እስከ ሰኞ የቀረኝ ጥቂት ቀን ነው። ረውዳን የማስቀምጥበት ካጣሁ ወይ ሥራው ይቀራል፣ ወይ ልጅቷ ወደ ሐይቅ ትመለሳለች። ይማም አንገቱን ደፍቶ «እናትሽ ጋ ደህና ነበረች እኮ» ማለት ጀምሮ ነበር። በእርግጥ ደህና ነበረች። ችግሩ እኔ ነኝ ደህና የማልሆነው።

መጀመሪያ የሄድነው ደላላ ጋ ነው። «ልጅ የምትይዝ ጨዋ ልጅ አለችኝ» አለና አንዲት ልጅ ይዞ መጣ። ዕድሜዋን ስጠይቃት የደላላውን ፊት አየች። ረውዳን ስሰጣት አቀፈቻትና ሁለቱም አብረው አለቀሱ። ልጄን ትይዝልኝ ብዬ እሷን ማን ይያዛት? ምሳዋን አብልቼ፣ አክስት እንዳላት ጠይቄ፣ ይማም አክስቷ ቤት አደረሳት። ደላላው ግን የድካሜን ካልሰጣችሁኝ ብሎ ሲከተለን ዋለ።

ቀጥዬ «የመንግሥት የሕፃናት ማቆያ አለ» ሲሉ ሰምቼ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። አንድ ደከም ያለው ወጣት ከጠረጴዛው ኋላ ሆኖ ተቀበለኝ።

«የመንግሥት ሠራተኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። ልብስ ሰፊ ነኝ።»

«ባልሽስ?»

«ጭድ ተራ ሱቅ ተቀጥሮ ነው።»

«ማቆያው ለመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ልጆች ብቻ ነው፣ እህቴ።»

«እሺ ለሌላው ሰውስ? በግል ቦታ ሳስገባት የሚታሰብልኝ ድጎማ ምናምን የለም?»

«ድጎማ?» አለኝ ቀና ብሎ። «ልጅ ነዳጅ ነው እንዴ?»

ሳቅኩ፣ እሱም ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የእኔም ልጅ ደብረ ብርሃን እናቴ ጋ ነው ያለው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ እከራከረዋለሁ? አይዞህ ብዬው ወጣሁ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ከብት ነጋዴ ነበር። ላም ሲገዛ የሻጩን ወሬ ብዙም አይሰማም፤ «ጥጃዋን አሳዩኝ» ነው የሚለው። ጥጃው ሰው ሲያይ ከደነበረ፣ ጎድኑ ከታየ፣ ላሟ ወይ ወተት የላትም ወይ ጌታዋ ይመታል። እኔም መርካቶን ስዞር ይህን ይዤ ነው የዞርኩት። የግድግዳውን ቀለም ያየሁት ኋላ ነው።

አንዱ ቦታ በሩ ላይ ቀጭኔና ዝሆን ተሥሎበታል፤ ከሩቅ ሲታይ ልቤ ደስ አለው። በር ላይ ያለችው ሴት ግን ከደፉ አላሳለፈችኝም።

«ወላጅ ሲገባ ልጆቹ ይረበሻሉ።»

«በመስኮት ልይ?»

ፈቀደችልኝ። አንገቴን አስግጌ ሳይ ልጆቹ በሙሉ ፍራሽ ላይ ተዘርግተዋል። ሰዓቱ ገና ረፋዱ ላይ ነበር።

«ሁሉም በአንዴ እንዴት ተኙ?»

«ሥርዓት ስላስያዝናቸው ነው።»

ረውዳን አንዷን ለማስተኛት ይዘፈናል፣ ይታዘላል፣ ይለመናል። ይህን ሁሉ ልጅ በአንዴ የሚያስተኛ ሥርዓት ምን ይሆን የሚለው ጥያቄ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ። ሴትየዋ ፊቴን አይታ መሰለኝ «ካሜራ አለን እኮ» አለችኝ።

«ካሜራውን ማን ነው የሚያየው?»

«እኛ።»

አመስግኜ መጣሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ፤ ሰኞ ቢደርስም እዚያ አላስገባትም ብዬ ወሰንኩ። ያን ማታ ግን ጨነቀኝ፤ ተደብቄ ሳለቅስ ረውዳም አብራኝ አለቀሰች። ግድግዳው ቀስ ብሎ ተደበደበ። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ናስር ናቸው።

«ስሚ ልጄ» አሉኝ። «ተክለ ሃይማኖት ጀርባ በላይነሽ የምትባል ሴት አለች። የልጄ ልጆች እሷ ጋ ነው የዋሉት። ሂጂና እያት፤ እኔም ልተኛ።»

በማግስቱ ሄድኩ። ቆርቆሮ አጥር፣ ቆርቆሮ በር፤ በሩ ላይ በእጅ ጽሑፍ «የሕፃናት ማቆያ» ይላል። በሩ ገርበብ ሲል፣ አንዱ እየዳኸ ሌሎቹ እየሮጡ፣ ልጆቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ አንዲት ወፍራም ሴት ቀሚስ ሸሹ። ከቀሚሷ ኋላ ሆነው በተራ ብቅ እያሉ ያዩኛል፤ አንዷ እንዲያውም ምላሷን አወጣችብኝ። ጥጃዎቹን አየሁ። ሰው ሲፈሩ ወደ ማን እንደሚሮጡ ያውቃሉ።

እትዬ በላይነሽ የጎጃም ሰው ናቸው። ቤሩት ለዓመታት የሰው ልጅ ሲያሳድጉ ኖረው ነው የተመለሱት። ማን እንደላከኝ ሳያውቁ አላስገቡኝም፤ ጋሼ ናስር ጋ ደውለው አረጋገጡ። ከገባሁ በኋላ ምድጃው ከልጅ እጅ በላይ መቀመጡን፣ የውሃው በርሜል መከደኑን፣ የኤሌክትሪክ ሶኬቱ በፕላስተር መታሸጉን አየሁ። ሲበቃኝ «ሽንት ቤቱንም እዪ» አሉኝ።

«ስሟ ማነው?»

«ረውዳ።»

ሳቃቸው ግቢውን ሞላው። «ቤሩት እኮ ልጆች የሚውሉበትን ቤት ረውዳ ነው የሚሉት። የማዳሜን ልጆች በየጠዋቱ ረውዳ ሳደርስ ነው የኖርኩት። ይቺ ስትወለድም ለዚህ ነው የተወለደችው።»

«እትዬ፣ ምግቡስ?» አልኩ እየፈራሁ። ወሎ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብረን ብንኖርም ሥጋ ላይ ለየብቻ ነን፤ ይህን ደግሞ መጠየቅ ያሳፍራል።

«ሥጋ እዚህ ግቢ ለልጅ አይቀርብም» አሉ ሳያስጨርሱኝ። «የሙስሊምም የክርስቲያንም ልጅ ነው የሚውልብኝ። ሥጋውን ቤቱ ይብላ። እዚህ አጃ፣ ሽሮ፣ እንቁላል፣ ወተት ነው። በጾምም ለልጅ ወተት አልከለክልም።»

ከዚያ ጠያቂዋ እሳቸው ሆኑ። ምን ያስላታል፣ ምን ያስፈራታል፣ ስትተኛ ምኗን ትነካለች፣ ክትባቷ ተሟልቷል ወይ። በመጨረሻ «ማን ማን ነው የሚወስዳት?» አሉኝ።

«እኔና አባቷ።»

«ከሁለታችሁ ሌላ ማንም ቢመጣ አልሰጥም። ጳጳስም ቢመጡ።» ትንሽ አሰብ አደረጉና «ሼኩም ቢሆኑ» ብለው ጨመሩ።

እስከ ሰኞ አብሬያት እየዋልኩ አለማመድኳት። ሥራ ከጀመርኩም በኋላ ሁለት ጊዜ ሳልነግራቸው በምሳ ሰዓት ብቅ አልኩ፤ አንዴ ጀርባቸው ላይ ተኝታ፣ አንዴ ፊቷን ሽሮ ተቀብታ አገኘኋት። ክፍያው ከደሞዜ ደህና አድርጎ ይቆርጣል። ይማም ጫት ተወ፤ ተውኩ ይላል እንጂ ቀነሰ።

ወር አልፎ መልመዷን ሳይ ደስታዬን ለእናቴ ልንገራት ብዬ ደወልኩ። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው።

«እማዬ፣ አብሽሪ። ረውዳን ደህና ማቆያ አስገብተናታል» አልኳት።

«ምን አድርጋ?» አለችኝ።

ኔትወርኩ ተቆረጠ። ብደውል ብደውል እምቢ አለ። እኔም የምን ምን አድርጋ ነው ብዬ ወደ ስፌቴ ተመለስኩ። ሐይቅ ያላችሁ ግን ነገሩ ወዲያው ገብቷችኋል። በኮሮናው በሽታ ጊዜ ከጅቡቲ የተመለሱትን የሰፈር ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ «ለይቶ ማቆያ» አስገብተው፣ በር ላይ ፖሊስ አቁመው፣ እናቶች ምግብ በአጥር ያቀብሉ አልነበር? እናቴ ማቆያ የሚባለውን ቃል የምታውቀው ከዚያ ነው። ለእሷ፣ መርካቶ ልጅቷን በዓመቷ አስራታለች።

ጎረቤት ጠርታ ዱዓ አስደረገች። በማግስቱ፣ እስረኛ ስንቅ ያስፈልገዋልና፣ በሶ አስፈጭታ፣ ቅቤ ቋጥራ፣ ለማንም ሳትናገር ከደሴ ተሳፈረች። አውቶቡስ ተራ ስትወርድ ለይማም ደወለችለት። ይማም ሸክም ላይ ነበር፤ የሥራ ባልደረባውን ላከላት። ቤት ልውሰድዎት ቢላት «መጀመሪያ ልጅቷ ያለችበት» አለች። ልጁም በር ድረስ አድርሷት ሄደ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ከሁለቱም ወገን ሰምቼዋለሁ፤ የሁለቱም ወሬ አንድ ነው። እናቴ በሩን መታች።

«ልጄን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«ማንን?» አሉ እትዬ በላይነሽ በሩን ገርበብ አድርገው።

«ረውዳን። አያቷ ነኝ።»

«እንኳን ደህና መጡ። ግን አልሰጥዎትም።»

«ስንቅ ይዣለሁ።»

«ስንቁንም አልቀበልም። እናቷ ትምጣ።»

እናቴ ወደ መንገዱ ዞራ «ይኸው፣ እስር ቤት ነው አላልኩም?» አለች፤ ለማን እንዳለችው ግን አላህ ይወቅ። ከዚያ ወደ እትዬ በላይነሽ ተመልሳ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብላ ተረተችባቸው። እሳቸው «ልክ ነዎት፣ አለቅም» ብለው በርጩማ አወጡላት፣ ውሃ ቀዱላትና በሩን እንደነበረ ገርበብ አድርገው እኔ ጋ ይደውሉ ጀመር። እኔ የስፌት መኪና እያጓራብኝ ስልኬን አልሰማሁም።

ለምሳ ስነሣ ጥሪውን አይቼ እየሮጥኩ ደረስኩ። እናቴ በርጩማው ላይ ተቀምጣ፣ የበሶውን ቋጠሮ ታቅፋለች። ገርበብ ባለው በር ደግሞ ረውዳ ትታያለች። የእትዬ በላይነሽን ቀሚስ ይዛ፣ ከኋላቸው ተደብቃ፣ ብቅ እያለች አያቷን ታያለች። ጫማዋን አድርጋለች። የዓመት ልጅ ምን ታስታውሳለች? ከሐይቅ ከወጣን ወራት አልፈው ነበር።

እኔን ስታይ ቀሚሱን ለቀቀች። እየተንገዳገደች፣ በሁለት እግሯ፣ «እማ» እያለች መጣች። እናቴ እጇን ዘርግታ ነበር፤ ረውዳ በጎኗ አልፋ እኔ ጉልበት ላይ ተጠመጠመች።

እናቴ የዘረጋችውን እጅ ሰብስባ ነጠላዋን አስተካከለች። «ሄደች እኮ» አለች። «ጫማውን ባልሰጥሽ ኖሮ ትሄድ ነበር?»

«እማዬ፣ ማቆያ ማለት እኮ መዋያ ማለት ነው። እስር ቤት አይደለም።»

«አውቄያለሁ፣ አየሁት። ለእኔ ለአያቷ ያልሰጠች ለሌባም አትሰጥም።» ከዚያ ወደ እትዬ በላይነሽ ዞራ «የኔ እመቤት፣ አሁን ስንቁን ትቀበይኛለሽ ወይስ ፖሊስ ይፈትሸው?» አለቻቸው። ተሳስቀው ተቃቀፉ። በሶውን የግቢው ልጆች ሁሉ በሉት። ማታ ረውዳ በአያቷ ጭን ላይ፣ ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ፣ ጋሼ ናስር ግድግዳ ሳይደበድቡ ተኛች። ግን ያ የተዘረጋ እጅ ትዝ ሲለኝ የአክስቴ ልጅ ያን የዒድ ቀን እንዴት እንደሆነች ያን ማታ በደንብ ገባኝ፤ ከራሴ ያራቅኩት ነገር እናቴ ላይ ነው ያረፈው።

ሰንብታ ተመለሰች። አሁን በየጁምዓው ትደውላለች። ረውዳ ምን በላች፣ ምን ተናገረች፣ ያቺ ጎጃሜ አሁንም ሰው አታስገባም ወይ ትለኛለች። ባለፈው ጁምዓ ሁሉን ጠይቃ ስትጨርስ አንድ ጥያቄ ጨመረች።

«ሀዋ፣ እዚያ አገር ለአሮጊትስ ማቆያ የለም ወይ?»

ሳቅኩ። እሷም ሳቀች።

«የምሬን ነው» አለች እየሳቀች። «በርጩማ የሚሰጡበት፣ ውሃ የሚቀዱበት፣ እስኪመጡልሽ ድረስ ለማንም የማይሰጡበት።»

«እማዬ፣ ረውዳ ታናግርሽ» አልኳትና ስልኩን ለልጄ ሰጠኋት።